ማጣትና ማጥፋት

ሰው ቢከሰስ ይመልሳል፤ መልስ ቢያጣም ዘመድ ወይም ጠበቃ ይቆምለታል። የቀድሞ ዘመን ሥራ ግን፥ ሥዕልም ቢሆን ቤትም ቢሆን መጽሐፍም ቢሆን፥ በተመልካቹ ፊት ዝም ብሎ ይቆማል፤ የሠራውም ሰው ብዙ ጊዜ በአጠገቡ የለም። ስለዚህ በእንዲህ ያለው ሥራ ላይ የሚፈርድ ሰው የዳኛውንም የጠበቃውንም ሥራ ደርቦ መያዝ ግድ ይሆንበታል። ከዚህ ቀጥሎ የምንመረምረው ጥያቄም ይህ ነው፤ ባነሰ መሣሪያ የተሠራውን ሥራ፥ የበለጠ መሣሪያ የለመደ ዓይን በምን ሚዛን ሊመዝነው ይገባል?

ለጥያቄው ምሳሌ አድርገን የምናነሣው ነገር በብዙ አንባቢ ዘንድ እንደ ቀላል ሊቈጠር ይችላል፤ የቪዲዮ ጨዋታ ነውና። ዳሩ ግን አባቶቻችን በሰንጠረዥና በገበጣ ፊት ሲቀመጡ የሰውን ጠባይ ያዩበት ነበር፤ ታጋሹ ከቸኳላው፥ ቅኑም ከአድሎኛው በጨዋታ ላይ ይለያልና። ትልቁንም ፍርድ የሚለማመዱት በትንሹ ነገር ላይ ነው።

ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ምሥራቅ በሚወጣው መንገድ ላይ ያለችው ለገጣፎ፥ እንደ ሰበታ፥ እንደ ቡራዩና እንደ ሱሉልታ ሁሉ፥ ዋናዪቱን ከተማ ከሚከብቡት ከተሞች አንዲቱ ናት። በእነዚህ ከተሞች ሰፈር ውስጥ ፕሌይስቴሽን ቤት የሚባል ጠባብ ክፍል አይታጣም፤ ወጣቶችም በየጨዋታው እየከፈሉ በቴሌቪዥን ፊት ይቀመጣሉ። የሚበዛው የእግር ኳስ ጨዋታ ነው። ይህም ጨዋታ በየዓመቱ እየታደሰ ስለሚወጣ የአምናው ዘንድሮ ይናቃል፤ የዘንድሮውም ለከርሞ እንዲሁ። ልጆቹም ማንም ሳያስተምራቸው፥ አሮጌ ማለት የማይረባ ማለት ነው የሚለውን ትምህርት ተምረው ይወጣሉ።

በለገጣፎ የሚኖር ዕድሜው ከአርባ ያለፈ አንድ ወዳጃችን፥ በወጣትነቱ የተጫወተውን ጨዋታ ባለፈው ክረምት እንደ ገና ገዝቶ ከመጀመሪያው ጀመረው። ጨዋታው ፋይናል ፋንታሲ 7 የሚባለው ነው። ይህም ተጫዋቹ የአንድን ሰው ስምና ዕጣ ተቀብሎ፥ ባልንጀሮችን እያገኘ፥ እየተዋጋና እየተነጋገረ ረጅም ታሪክ የሚፈጽምበት ዓይነት ነው። ስኩዌር የተባለው የጃፓን ኩባንያ በጥር ወር 1989 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1997) አወጣው። ሥራውን የመራው ዮሺኖሪ ኪታሴ፥ የሰዎቹን መልክ የነደፈው ቴትሱያ ኖሙራ፥ ዜማውን የደረሰው ኖቡኦ ኡኤማትሱ ናቸው። በዓለም ላይ የተሸጠውም ከ10 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ነው። ወዳጃችን በዚያን ጊዜ መሣሪያውን በውጭ አገር ከሚኖር ዘመድ አግኝቶ፥ እንግሊዝኛውን በመዝገበ ቃላት እየፈታ ይጫወት ነበር። ጨዋታው የደረሱበትን ለማስቀመጥ የሚፈቅደው በተወሰነ ስፍራ ብቻ ስለ ሆነ፥ መብራት ድንገት በጠፋ ቁጥር የሁለት ሰዓት ድካሙ እንደ ጉም በኖ ይቀር ነበር።

አሁን ግን ሲጫወት የዐሥራ አራት ዓመት ልጁ አጠገቡ ተቀምጦ ጥቂት ካየ በኋላ ሳቀ። «አባዬ፥ ይህ ሰውዬ እኮ ጣት የለውም! እጁ ቡጢ ብቻ ነው። ይህን ነው እንዴ እንደዚያ ስታወድስልን የኖርከው?» አለው። አባትም ተቈጣ፤ «የእናንተ ዓይን በብልጭልጭ ታውሯል፤ ከዚህ የሚበልጥ ሥዕል እስከ ዛሬ አልተሠራም» ብሎ መለሰለት። ሁለቱም ፈረዱ፤ ነገር ግን ከሁለቱ አንዱም ሚዛን አልያዘም።

በመጀመሪያ ልጁ ያየውን እንመልከት። ያየው ነገር እውነት ነው። በዚያ ጨዋታ ውስጥ ሰዎቹ በከተማና በመንደር ሲሄዱ አጫጭር፥ ራሳቸው የገዘፈ፥ እጃቸው ጣት የሌለው አሻንጉሊቶች ናቸው። ውጊያ ሲጀመር ያው ሰው ቁመቱ ረዝሞ በሌላ አካል ይታያል፤ በመካከሉ በሚገቡት ተንቀሳቃሽ ሥዕሎችም ጊዜ ሌላ መልክ ይይዛል። የሚሰማ የሰው ድምፅም የለም፤ ንግግሩ ሁሉ በሰማያዊ ሣጥን ውስጥ በጽሑፍ ይነበባል። ልጁ ይህን ሁሉ አይቶ የተናገረው ሐሰት የለበትም። የሳተው ከማየት ወደ መፍረድ በአንድ እርምጃ በመዝለሉ ነው፤ «የለም» ከማለት «አይረባም» ወደ ማለት የሚያደርሰው መንገድ ግን ረጅም ነው።

የአባትየው ፍርድ ደግሞ በሌላ በኩል ይስታል። ያ ሥዕል የወጣትነቱን ዘመን ይዞለት ስለ ቈየ፥ ሥዕሉን አመሰግናለሁ ሲል ያመሰገነው ያለፈውን ዕድሜውን ነው። ሰው የእናቱን ወጥ ከወጥ ሁሉ የሚበልጥ ነው ብሎ ቢመሰክር፥ ምስክርነቱ ለፍቅሩ እንጂ ለወጡ አይሆንም። ትዝታ ደግ ነገር ነው፤ ነገር ግን በፍርድ ወንበር ላይ ከተቀመጠ አድሎኛ ዳኛ ይሆናል።

እንግዲህ ሚዛኑ ወዴት ነው? በአማርኛችን ማጣትና ማጥፋት በድምፅ የተቀራረቡ፥ በትርጓሜ ግን እጅግ የተራራቁ ቃላት ናቸው። ያጣ ሰው የሚታዘንለት ነው፤ ያጠፋ ሰው ግን የሚጠየቅ ነው። ብዙው ግፍ የሚመጣው ያጣውን እንዳጠፋ ቈጥረን ስንቀጣ ነው፤ ብዙው ልግመት ደግሞ የሚመጣው ያጠፋው ሰው ራሱን እንዳጣ አድርጎ ሲያቀርብ ነው። ስለዚህ አሮጌ ሥራ በሚመረመርበት ጊዜ አስቀድሞ የሚጠየቀው፥ የጐደለው ነገር የጐደለው ሠሪው ስላጣ ነውን ወይስ ስላጠፋ? የሚለው ነው።

የጣቱን ነገር በዚህ ሚዛን እንየው። ጨዋታው የተሠራለት ፕሌይስቴሽን በጃፓን አገር መሸጥ የጀመረው በ1987 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1994) ነው፤ ዋናው የማስታወሻ አቅሙም 2 ሜጋባይት ብቻ ነበር። ዛሬ በእጅ ስልክ የምናነሣው አንድ ፎቶግራፍ እንኳ ብዙውን ጊዜ ከዚያ ይበልጣል። የሰው ምስል በዚያ መሣሪያ የሚቆመው ከትንንሽ ባለ ማዕዘን ቅርጾች ተገጣጥሞ ነው፤ መሣሪያውም በየቅጽበቱ እያንዳንዱን ቅርጽ እንደ ገና እያሰላ መሣል አለበት። ለአንድ ሰው ዐሥር ጣት መስጠት ከሌላ ነገር ላይ መንሣት ነበር። ሠሪዎቹም በዚህ ጥበት ውስጥ መረጡ፤ የሚንቀሳቀሰውን ሰው በጥቂት ቅርጽ አቁመው፥ ከበስተ ኋላው ያለውን ከተማ፥ ድልድይና ጨለማ መንገድ ግን አስቀድመው በትልልቅ ኮምፒዩተር ሥለው እንደ ቋሚ ሥዕል በሲዲ ላይ አስቀመጡት። ጨዋታው ሦስት ሲዲ ሞላ። ኩባንያው የቀድሞ ወዳጁን ኒንቴንዶን ትቶ ወደ ሶኒ የዞረበት አንዱ ምክንያትም ይህ ነበር፤ የኒንቴንዶ አዲስ መሣሪያ በሲዲ ሳይሆን ብዙ በማይዝ ካርትሪጅ ይሠራ ነበርና። ይህ ጥቂት ዱቄት ያላት ብልኅ የቤት እመቤት እንግዳዋን የምታስተናግድበት ዓይነት ጥበብ ነው። የድኻዪቱ መበለት ሁለት ሳንቲም የከበደው በቍጥሩ እንዳልነበረ አንባቢዎቻችን ያውቃሉ፤ የተመዘነው ከነበራት ነገር አንጻር ነው። የጣቱ መጥፋት እንግዲህ ማጣት ነው።

ሌላም የሚታሰብ ነገር አለ፤ የሚያየው ዓይንና የሚታይበት መስታወት ራሳቸው ተለውጠዋል። ያ ሥዕል ለስክሪኑ የሚሰጠው በአግድም 320 በቁም 240 ያህል፥ ባጠቃላይ 76,800 ያህል ነጥብ ነው። ዛሬ በየሳሎኑ ከሚሰቀሉት ስስ ቴሌቪዥኖች መካከል ከ8 ሚሊዮን ነጥብ በላይ ያላቸው አሉ፤ ይህም ከመቶ እጥፍ ይበልጣል። በቀድሞው ሆዳም ቴሌቪዥን መስታወት ላይ አንዱ ነጥብ ወደ ጎረቤቱ ጥቂት ይፈስ ስለ ነበረ የቅርጾቹ ጠርዝ ይለሰልስ ነበር። ያው ሥዕል በዛሬው ስክሪን ላይ ተለጥጦ ሲታይ ግን ማዕዘኑ ሁሉ ይሾላል። ስለዚህ ልጁ ያየው፥ አባቱ በወጣትነቱ ያየውን ሥዕል አይደለም። በጧፍ ብርሃን ይታይ የነበረውን የቤተ መቅደስ ሥዕል በኃይለኛ አምፖል አብርቶ «ቀለሙ ሸካራ ነው» የሚል ሰው ከሥዕሉ ይልቅ ስለ አምፖሉ እንደሚመሰክር፥ ይህም እንደዚያው ነው።

ደግሞም ሥዕሉ የታሰበለትን ሥራ ሠርቷልን? ብሎ መጠየቅ ይገባል። በዚህ ታሪክ ውስጥ አበባ የምትሸጥ ኤሪስ የተባለች ልጃገረድ አለች። ተጫዋቹ ብዙ ሰዓት ከእርሷ ጋር ከተጓዘ በኋላ በድንገት ትገደላለች፤ ምንም ቢያደርግ ሊያድናት አይችልም። ክላውድ የተባለው ባለ ታሪክም አቅፎ ወደ ውኃ ያወርዳታል። በዚያች ሰዓት በብዙ አገር ያሉ ወጣቶች እንዳለቀሱ እስከ ዛሬ ይናገራሉ። ጣት በሌለው አሻንጉሊት የሚለቀሰው ስለ ምንድን ነው? እቃቃ ሲጫወቱ ሕፃናትን ያየ ሰው መልሱን አያጣም። የሸክላ ስባሪ ድስት ይሆናል፤ አፈር ዱቄት፥ ቅጠል ጐመን ይሆናል፤ ከጨርቅ የተጠቀለለውም እንጨት ልጅ ሆኖ ይታዘላል። ከሕፃናቱ አንዱ እንጨቱን ቢሰብረው እናት የሆነችው ልጅ ከልቧ ታለቅሳለች። እጅ ያልጨረሰውን ልብ ይጨርሰዋል፤ ልብ የጨረሰውንም ነገር ሰው እንደ ራሱ ሥራ ይወድደዋል።

በዚህ ላይ ብንቆም ግን ከአባትየው አድልዎ አልወጣንም፤ ማጣትን ሁሉ ወደ ምስጋና መለወጥም ፍርድ አይደለምና። ጥፋቱንም እንፈልግ። ከበስተ ኋላ ባሉት በእነዚያ ውብ ሥዕሎች ውስጥ በአንዳንድ ስፍራ መንገዱ ከግድግዳው፥ በሩም ከጥላው አይለይም፤ ተጫዋቹ መውጫ እየፈለገ ከግንብ ጋር ይላተማል። ሠሪዎቹም ይህን ማወቃቸው የተገለጠ ነው፤ አንድ ቍልፍ ሲጫኑ ባለ ታሪኩ ያለበትን የሚያመለክት የእጅ ምልክት ከራሱ በላይ፥ በየመውጫውም ላይ ቀስት እንዲታይ አድርገዋልና። በሩ የማይታይ ቤት ሠርቶ «በሩ በዚህ በኩል ነው» የሚል ጽሑፍ የሚለጥፍ ግንበኛ አጥቶ ነው አይባልም። መሣሪያው ቢያንስም መንገድን ከግድግዳ የሚለይ ቀለም አላነሰውም። ሠዓሊው የሥዕሉን ውበት ሲወድ በሥዕሉ ውስጥ የሚሄደውን ሰው ረሳው፤ ይህ ማጥፋት ነው።

ከሁለቱ መካከል የሚውል ነገርም አለ፤ አንዱ ሰው በሦስት አካል መታየቱ። ማጣት ነው እንዳንል፥ ያው ኩባንያ በዚያው ፕሌይስቴሽን ላይ በ1991 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1999) ባወጣው ፋይናል ፋንታሲ 8 ላይ ሰዎቹ በመንገድም በውጊያም የተፈጥሮ ሰው ቁመት ይዘው ይታያሉ። ማጥፋት ነው እንዳንል ደግሞ፥ የሁለት ዓመት ልምድ ራሱ ሀብት ነው፤ የፊተኛው የኋለኛውን ልምድ አልነበረውም። ይህን ክርክር ለመቍረጥ አንቸኵልም። ሆኖም አንድ ጠቃሚ ሚዛን አገኘንበት፤ ሠሪው አጥቶ ነው ከማለት በፊት፥ በዚያው መሣሪያ ሌላ ሰው ምን ሠራ? ብሎ መጠየቅ ይገባል። በዚህ ነገር የልጁ ሳቅ ጥቂት እውነት እንደ ነበረበት ልንመሰክርለት ይገባናል።

አሁን ደግሞ ሀብታሙን አዲስ ሥራ እንመልከት። ጨዋታው እንደ ገና ተሠርቶ በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2020) ወጥቷል። ቀድሞ የመራው ኪታሴ አሁን ፕሮዲዩሰር፥ ቀድሞ መልኩን የነደፈው ኖሙራ አሁን ዳይሬክተር ሆነው፥ ራሳቸው ወደ ቀድሞ ሥራቸው ተመለሱ። በአዲሱ ሥራ የእያንዳንዱ ጣትና የእያንዳንዱ ጠጕር መልክ ይታያል፤ ሰዎቹ በድምፅ ይናገራሉ፤ ኀዘንም በዓይን ውስጥ ይነበባል። ይህን የሚንቅ ሰው አሮጌውን ከሚንቀው አይሻልም። ነገር ግን ባለጸግነትም የራሱ ማጣት አለው። አዲሱ ሥራ የያዘው የቀድሞውን ታሪክ መጀመሪያ፥ በሚድጋር ከተማ የሆነውን ብቻ ነው፤ ሁለተኛው ክፍል በየካቲት 2016 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2024) ተከተለው፤ ጠቅላላውም በሦስት ክፍል እንዲፈጸም ታቅዷል። በፊት በአንድ ጨዋታ ያለቀው ታሪክ አሁን ብዙ ዓመት ይፈጃል። ፊት በቅርብ ከታየ ልብሱ በቅርብ ሊታይ ግድ ነው፤ ልብሱ ከታየ ግድግዳው፥ ግድግዳው ከታየ መንገደኛው ሁሉ እንዲሁ፤ ለልብ የሚተወው ነገር ሲያንስ የእጅ ሥራ መጨረሻ ያጣል።

ከሁሉ ይልቅ ልብ ልንለው የሚገባን ግን፥ አዲሱ ሲወጣ አሮጌው አለመደምሰሱ ነው። ሁለቱም ይሸጣሉ፤ የፈቀደ ሰው ሁለቱን አስተያይቶ ይፈርዳል።

በእኛ ዘንድ ያለው የሥዕል ነገር ከዚህ ጋር መነጻጸር የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው። በቀደሙት የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችን ጻድቁ ፊቱን ሙሉ አዙሮ በሁለት ዓይኑ ይታያል፤ ክፉው ሰው ግን በጎኑ፥ በአንድ ዓይን ይሣላል። የቅርብና የሩቅ ልክም በአውሮፓ ሠዓሊዎች ሥርዐት አልተለካም። የአውሮፓን ሥዕል የተማረ ሰው «የሰውን አካል አሣሣል አያውቁም ነበር» ብሎ ያልፋል። ነገር ግን ሠዓሊው ያሰበው፥ ፊደል ያልቈጠረው ምእመን ከሩቅ ቆሞ ቅዱሱን ከከሐዲው በአንድ እይታ እንዲለይ ነው፤ ይህንንም ፈጽሞታል። በጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣራ ላይ የተደረደሩት የመላእክት ፊቶች ስለ ምን እንዲህ ተመሳሰሉ? የሚል ሰው ከሥራቸው ቆሞ ቀና ይበል፤ ከላይ በዓይን ብዛት መከበቡ በተሰማው ጊዜ መልሱን ያገኛል። ይህ ማጣትም ማጥፋትም አይደለም፤ ሌላ ዐሳብ ነው።

ይሁን እንጂ በአንዳንድ ስፍራ፥ ለማሳመር በሚል ቅን ዐሳብ፥ የደበዘዘው አሮጌ ሥዕል በሚያብረቀርቅ አዲስ ቀለም ሲሸፈን ታይቷል። ከሰጪው ልብ ክፋት የለበትም፤ ስጦታውም ከድካም የተገኘ ነው። ነገር ግን ጨዋታው እንደ ገና ሲሠራ አሮጌው በሲዲው ላይ ይቀራል፤ ግድግዳ ግን አንድ ገጽ ብቻ ነው ያለው። በላዩ የተቀባ ቀለም ይግባኝ የሌለው ፍርድ ነው። አዲሱ ሥዕል አዲስ ግድግዳ ይፈለግለት፤ አሮጌው በሚያውቁት ሰዎች እጅ ይጠገን እንጂ በፍቅር ስም አይሸፈን።

ይኸው ሚዛን ለወደ ፊቱም ያስፈልገናል። በአዲስ አበባ ቅኔ ጌምስ የተባለው ማኅበር፥ ከአሳዳጅ ስለሚሸሽ ዶሮ ኩኩሉ የተሰኘ የስልክ ጨዋታ ሠርቷል። እንዲህ ያለውን ሥራ ብዙ ገንዘብ ካፈሰሰ የጃፓን ሥራ ጎን አቁሞ በሥዕሉ ብልጭታ የሚመዝነው ሰው፥ ያጣውን እንዳጠፋ ይፈርድበታል። «የአገራችን ልጆች ናቸውና ይለፍ» የሚለው ሰው ደግሞ የሰጠው ምጽዋት እንጂ ፍርድ አይደለም፤ ምጽዋት የሚሰጠው ሠሪም አያድግም። ሠሪውን የሚያከብረው፥ ባለህ ነገር ምን ሠራህ? ብሎ የሚጠይቀው ነው።

ጥያቄዎቹ እንግዲህ አራት ናቸው። ሠሪው ምን ነበረው? ምን አሰበ? ያሰበውን ፈጸመን? በዚያው መሣሪያ ሌላ ሰው ከእርሱ የተሻለ ሠርቷልን? እነዚህ ጥያቄዎች በጨዋታና በሥዕል ላይ ብቻ የሚቆሙ አይደሉም። ፊደል ሳይቈጥሩ ልጅ ያስተማሩ እናቶች፥ በአኰፋዳ ቍራሽ ለምነው ዜማና ቅኔ የተማሩ ሊቃውንት፥ በጭቃ ቤት ውስጥ እንግዳ የተቀበሉ አያቶች ሁሉ በእኛ ዓይን ፊት ዝም ብለው ቆመዋል። ጣት የላቸውም ብለን ከመሳቃችን በፊት በጣት አልባው እጃቸው ያነሡትን ሸክም እንመዝን፤ በእውነት ያጠፉትንም ትዝታችን እንዳይሸፍነው እንጠንቀቅ።

የሚመጣው ትውልድ ደግሞ እኛን ያያል። ዛሬ የምናደንቀው ስክሪን በዚያን ጊዜ መሳቂያ ይሆናል፤ ዛሬ ጥርት ያለ የምንለው ሥዕልም በእነርሱ ዓይን ጣት የሌለው አሻንጉሊት ይመስላል። በዚህ ሊሳቅብን ይችላል፤ ነገሩም ቀላል ነው። ነገር ግን ከቀደሙን ሁሉ የበለጠ መሣሪያ በእጃችን ስላለ፥ ምን ነበራችሁ? ምንስ ሠራችሁበት? ተብለን በተጠየቅን ጊዜ፥ አጥተን ነው ብለን የምንመልስበት አፍ አናገኝም።